ሕመም ከሳይት ካስወጣኝ በኋላ፦ መጻፍና ለታማሚ መቆም ሥራ ይሆናል?

ጥላ_ሥር (የካ አባዶ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጉዳዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ሥራ የጀመርኩት አያት አካባቢ በነበሩ የኮንዶሚኒየም ሳይቶች ነው፤ በኋላ ወደ ኮዬ ፈጬ ወረድኩ። ሶሌታ (የፎቁ የአርማታ ወለል) የሚሞላ ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ነበርኩ፤ ፌሮውን ሳልቆጥር ማንም አርማታ አያፈስም ነበር። ያንን ሥራ ከልቤ እወደው ነበር። ከዚያ ሉፐስ ያዘኝ።

ለማታውቁት፦ ሉፐስ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ሰውነቱን ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከአሥር ታማሚ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም ከ15 እስከ 44 ባለው ዕድሜ ነው። መገጣጠሚያ ይይዛል፣ ፀጉር ያረግፋል፣ ጉንጭና አፍንጫ ላይ ሽፍታ ያወጣል፤ ሲከፋ ኩላሊት ይነካል። ፀሐይ ይቀሰቅሰዋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ብርዱን እያየን ፀሐይዋ የማትጎዳ ይመስለናል እንጂ ሳይት ላይ መዋል ለእኔ በሽታውን መጥራት ነው።

ስሙ እስኪታወቅ ድረስ ታይፎይድና ታይፈስ እየተባልኩ መድኃኒት ስውጥ ኖሬያለሁ። በዚህ ከተማ ትኩሳትና ቁርጥማት ይዞት ክሊኒክ የገባ ሰው ሁሉ ይህን መንገድ ያውቀዋል። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ብቻውን ታይፎይድ መኖሩን አያረጋግጥም፤ ይህን የነገረኝ ሰው ግን ብዙ ዘግይቶ ነው የመጣው።

የሕመም ፈቃዴ አልቆ ስመለስ «ቢሮ ተቀምጬ ቴክኦፍ ልሥራ (የሥራውን መጠን ከፕላን ላይ ልለካ)፣ የክፍያ ሰርተፊኬት ላዘጋጅ» አልኳቸው። ቦታ የለም ተባልኩ። በዚያው ቀረሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ክትትል ስሄድ አግዳሚው ላይ አብረውኝ የሚቀመጡት ሴቶች ወረቀታቸውን በፌስታል ተሸክመው ይመጣሉ። ሪፈሩ፣ የላቦራቶሪው ውጤት፣ የመውጫ ማጠቃለያው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ ነው? ምን ወስደሽ ነበር? ለምን አቆምሽ?» ሲላቸው ይደነግጣሉ፤ ተራቸውም ያልፋል። ለአንዷ የሕመሟን ታሪክ በአንድ ገጽ ጻፍኩላት። ከዚያ ሌላዋ መጣች። አሁን ከካራሎም ከለገዳዲም ሰው እየላከ ያስጽፈኛል። በቴሌግራም ደግሞ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ምርመራው፣ ስለ ሰው አፍ በአማርኛ እጽፋለሁ፤ አንባቢው በዝቷል።

ቤተሰቦቼ «ተመርቀሽ የሰው ፌስታል ስትፈቺ ልትኖሪ ነው?» ይላሉ። እኔ ግን ከሳይት ከወጣሁ ወዲህ ሥራ ሠራሁ ብዬ የተኛሁት በዚህ ነው። ይህን ዋና ሥራዬ ላድርገው? በስሜ ልጻፍ ወይስ በብዕር ስም? ከታማሚ ገንዘብ መቀበል አልፈልግም፤ ታዲያ በምን ልኑር?

ሲስተር_ገላን

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ተመላላሽ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ያ አንድ ገጽ ምን ያህል እንደሚያግዘን ልንገርሽ። ሐኪሙ ፊት ያለው ሰልፍ አያልቅም፤ ለአንድ ሰው ያለው ደቂቃ ትንሽ ነው። የደቂቃዋን ግማሽ የሚበላው ፌስታል መፍታትና ቀን መፈለግ ነው። ገጹ ላይ መጀመሪያ አሁን የሚወሰደው መድኃኒት ከነመጠኑ ይሁን፤ ከዚያ የቆመው መድኃኒትና የቆመበት ምክንያት፣ የመጨረሻዎቹ ውጤቶች ከነቀናቸው፣ የማይስማማት መድኃኒት ካለ እሱ፣ ሌላ ሕመምና እርግዝና። የሕመሙ ታሪክ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ እሱም አጭር ይሁን። መጨረሻ ላይ ታማሚዋ ራሷ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ይጻፍ። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ሴትዮዋ ግን ሦስት ወር ሙሉ ያሰበችው እሱን ነው።

አንድ አደራ አለኝ። ውጤት አትተርጉሚ፣ መጠን አትናገሪ። በተለይ ፕሬድኒሶሎን (ሰውነት ራሱ የሚያመርተውን ሆርሞን የሚመስል መድኃኒት) ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በአንድ ጊዜ ካቆመ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል፤ ሰውነቱ ያንን ሆርሞን ራሱ ማምረት ትቶ ነበርና። የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ ቀስ እየተባለ ነው። አንድ ሰው «ፊቴ አበጠ፣ ላቁመው?» ብሎ ከጻፈልሽ መልስሽ «ሳትነኪው ዛሬውኑ ሐኪምሽን ጠይቂ» ብቻ ይሁን። ሽንቷ አረፋ ያበዛባትን፣ እግሯ ያበጠባትን ሉፐስ ያለባት ሴት ደግሞ ቀጠሮ እስኪደርስ እንዳታስጠብቂያት።

የመሪ_ልጅ

ታላቅ ወንድሜ ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ እጥበት ላይ ነው። እጥበት በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ነው መሆን ያለበት። እዚህ ብዙ ሰው በገንዘብ ምክንያት ሁለቴ ያደርጋል፤ የዘለለው ቀን ውሃው ሳንባው ላይ ይመጣበታል። እኔም ለእሱ ስል ነው ጸሐፊ የሆንኩት፤ የእርዳታ ጥሪ፣ የዕድር ደብዳቤ፣ ለድርጅቶች ማመልከቻ ጻፍኩ።

ከዚያ የተረዳሁትን ልንገርሽ። መጀመሪያ እንባ የሚያስመጣ ነገር ነበር የምጽፈው። ሰው «አይዞህ» ብሎ ያልፋል። በኋላ ሒሳቡን ግልጽ አድርጌ አንድ እጥበት ስንት ብር እንደሆነ፣ በወር ስንት እጥበት እንደሚጎድል፣ የተሰበሰበው ለምን እንደዋለ በየሳምንቱ መጻፍ ስጀምር አንድ ነጋዴ መጥቶ «የማክሰኞውን ለእኔ ተወው» አለ። እስከ ዛሬ ይከፍላል። ሰው ልቡ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እጁን የት እንደሚያሳርፍ አያውቅም።

ንቅለ ተከላውንም እያሰብን ነው። በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 መጀመሪያ ተጀምሯል፤ ኩላሊቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቤተሰብ ነው። ለመስጠት የተመረመርኩት እኔ ነኝ፤ ውጤት እየጠበቅን ነው። ጸልዩልን።

ቱሉዲምቱ_ነኝ

እኔ በዚህ ነገር ከሁላችሁም እለያለሁ፤ አትቆጡኝ።

ታናሽ እህቴ እንደ አንቺው ሉፐስ አለባት። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ ሳለ አንዲት ዘመድ ፌስቡክ ላይ «ጸልዩላት» ብላ ስሟንና ፎቶዋን ከነሕመሟ አወጣችው። የልጁ ቤተሰብ ነገሩን አቀዘቀዘው፤ ከዚያ ቀረ። አከራይዋ እንኳ «ይተላለፋል?» ብላ ጠይቃታለች። በበጎ ሐሳብ የተጻፈ አንድ አንቀጽ ነው ይህን ያደረገው። አንቺ ራስሽ መሐንዲስ ነሽ፣ ደፋር ነሽ፤ የምትጽፊላቸው ሴቶች ግን ከዚያ አግዳሚ ተነስተው የሚገቡት የሰው ቤት ነው። የሰው ገመና የሚሸፈን እንጂ የሚነበብ አይደለም። በብዕር ስም ጻፊ፤ የሌላ ሰው ታሪክ ግን በብዕር ስምም ቢሆን አትጻፊ።

ጋሽ_መምህር (ለገጣፎ)

ልጆቼ፣ ከአርባ ዓመት በላይ አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ለቱሉዲምቷ ልጄ ሐዘኔን እገልጻለሁ፤ በእህትሽ የደረሰው ግፍ ነው።

ነገር ግን ያየሁትን ልናገር። ኤች አይ ቪ በየቤቱ ሰው ሲጨርስ ሁላችንም «በሳንባ ሞተ»፣ «በወባ ሞተ» እያልን ቀብረናል። ያንን ዝምታ የሰበሩት ሐኪሞች ብቻ አይደሉም። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች እንደ መቅድምና ተስፋ ጎህ ያሉትን ማኅበራት አቁመው፣ በየትምህርት ቤቱ እየመጡ «እኔ ነኝ፣ እዩኝ» አሉ። እኛ ትምህርት ቤት የመጣው ወጣት ሲናገር የተማሪዎቹን ዝምታ አልረሳውም። መድኃኒቱ መጀመሪያ በክፍያ ነበር፤ በ1997 በነጻ መሰጠት ጀመረ። ያ ቀን እንዲመጣ የታማሚዎቹ ድምፅ ድርሻ ነበረው። ሁሉም ፊቱን አላሳየም፤ ጥቂቶቹ አሳዩ፣ የቀሩት ከእነሱ ጀርባ ተከለሉ። ስለዚህ እህቷ ትሸፈን፤ ጥላ ሥር ከፈቀደች ራሷን ትግለጥ። ሁለቱ አይጋጩም።

ስለ ጽሕፈቱ፦ ቻናልሽን ገብቼ አነበብኩ። የጣቶችሽ ሕመም በጠዋት ጣሳ ማንሳት እንዴት እንደሚከለክልሽ የጻፍሽው ጥሩ ነው፤ አየሁት። «ሕይወት ፈተና ናት» ብለሽ የጀመርሽበትን አውጪው፤ ያንን ማንም ይጽፈዋል። ጣሳውን የምትጽፊው አንቺ ብቻ ነሽ። ደግሞም ከማውጣትሽ በፊት ፊደል ለማያውቅ ሰው ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ያልገባው ቦታ ላይ ዓይኑ ይነግርሻል።

ጥላ_ሥር

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። ዛሬውኑ አወጣዋለሁ። የማነብላቸው ጎረቤቴ እትዬ አሉ፤ በቡና ሰዓት እሞክረዋለሁ።

ቱሉዲምቱ፣ እህቴ፣ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ልክ ነሽ። የሌላ ሰው ታሪክ እስካሁን ያወጣሁት አስፈቅጄ፣ ሰፈሩንና ሥራውን ለውጬ ነው፤ ግን አንዲት ሴት ተቀምጣ «እሺ» ስትለኝ እምቢ ማለት አፍራ ሊሆን ይችላል። ከእንግዲህ ጽፌ ሰጥቻት፣ ቤቷ ወስዳው፣ ከሳምንት በኋላ «አውጪው» ካላለችኝ አይወጣም።

ሲስተር፣ የታማሚዋ ጥያቄ የሚለው ወርቅ ነው።

ጠበቃ_ሰሚት

ስለ ሕጉ ትንሽ ልጨምር፤ ለሌሎችም ይጠቅማል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የግል ድርጅት ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። ብዙ ታማሚ ይህን ሳያውቅ በራሱ ፈቃድ የመልቀቂያ ደብዳቤ ይጽፋል። መልቀቂያ ከጻፈ በኋላ እኔ ጋ ሲመጣ የምይዝለት ነገር አይኖርም። ስለዚህ ጥላ ሥር፣ ጽሑፍሽ ላይ አንድ ነገር ብቻ ብታሰፍሪ «ታመህ ሳለህ መልቀቂያ አትፈርም፣ መጀመሪያ ሰው አማክር» የሚለውን ጻፊ። ያላግባብ ተሰናበትኩ፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ደግሞ ክሱን በሦስት ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት።

«ቢሮ አስቀምጡኝ» ያልሽውም ባዶ ልመና አልነበረም። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራውን ሁኔታ ለሠራተኛው እንዲያመቻች ያስገድዳል። ሥር የሰደደ ሕመም በዚህ ሥር ይገባል አይገባም የሚለው በየጉዳዩ የሚያከራክር ነው፤ ግን ክርክሩን በጽሑፍ መጀመር ይቻላል። በቃል የተባለ «ቦታ የለም» ማስረጃ አይሆንም፤ ጥያቄም መልስም በደብዳቤ ይሁን።

ለቱሉዲምቷ እህቴ፦ አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ነው። ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበይ፣ ጥላ ሥር፤ የተፈቀደውም ምን እንደሆነ ይዘርዘር፦ ስም፣ ፎቶ፣ ሰፈር፣ እያንዳንዱ ለየብቻ።

ወለተ_ማርያም

እናቴ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። ጸበል ገብታ መድኃኒቱን አቁማ ነበር፤ ወድቃ ነው ያነሳናት። እኔ ጸበሉን አምናለሁ፣ ተጠምቄም ተፈውሻለሁ። ግን ማን በምን ቋንቋ ያስረዳት? እኛ ልጆቿ ስንናገር እምነት የሌለን መሰልን።

ጋሽ_መምህር (ለገጣፎ)

ወለተ ማርያም ልጄ፣ ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር ቢወሰድ እንደማይከለከል በአደባባይ ተናግረው ነበር። እንጦጦ ጸበል ላይ መድኃኒት ጥለው የነበሩ ብዙዎች ነበሩ። ይህንን ለእናትሽ የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ይሻላል፤ ከልጅ አፍ ይልቅ ከእሳቸው ይሰማል።

ጥላ_ሥር

ወለተ ማርያም፣ እኔም ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ ይጠመቃሉ፤ እኔም እጠመቃለሁ። ኪኒኑን በትንሽ ዕቃ ይዤ እገባለሁ። ለእትዬ «ከጸበሉ ጋር ዋጪው» የሚል ካህን በዚሁ በአባዶ አግኝተናል፤ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ፀሐይ_ግባት

እኔም ሉፐስ አለብኝ፤ ሰበታ ነው የምኖረው። ጥላ ሥርን ከሚያውቋት አንዷ ነኝ። በዓለም ላይ ስለ ኮቪድ ሲወራ ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን ያድናል ተብሎ ሰዉ ሲሻማበት እኛ በየዕለቱ የምንወስደው ጠፋ። በ2012 ማለት ነው። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ቢኖረን ኖሮ! ዛሬ የትኛው ከነማ፣ የትኛው የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት እንዳለው ቻናሏ ላይ በአንድ መስመር ታወጣለች። ለእኔ ከረጅሙ ጽሑፍ ይልቅ ያቺ መስመር ናት የምታድነኝ፤ ከሰበታ ተነስቶ ከተማውን ሁሉ መዞር፣ በዚያ ጉልበት፣ በዚያ ፀሐይ ቀላል አይደለም። የታክሲው ብቻ እንኳ የመድኃኒቱን ያህል ይሆናል።

ደግሞ ይህን መድኃኒት ለዓመታት የሚወስድ ሰው ዓይኑን በየጊዜው መታየት እንዳለበት ያወቅሁት ከእሷ ጽሑፍ ነው። ሄጄ ታየሁ፤ ተመስገን ደህና ነው።

ሥራ ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ሥራ ነው።

የመሪ_ልጅ

የዕድር ጸሐፊ አበል አለው። የመድኃኒት ዜና የምታመጣልን ሰው ለምን አይኖራትም?

አስተርጓሚው_ሰባራ

ስለ ገንዘቡ ማንም አልመለሰላትምና ልሞክር። በጤና ጉዳይ የሚሠሩ ድርጅቶች ብሮሹር፣ የሬዲዮ ስክሪፕት፣ የሥልጠና ጽሑፍ ወደ አማርኛ ያስመልሳሉ፤ በገጽ ይከፈላል። የሚያወጡትን ብዙ አይቻለሁ፤ ቃሉ ሁሉ አማርኛ ሆኖ ታማሚው የማይረዳው ይበዛል። ጋሽ መምህር እንዳሉት ለእትዬ አንብበሽ የምታስተካክይ ከሆንሽ ካንቺ የተሻለ ሰው አያገኙም። የሠራሽውን ሦስት አራት ገጽ በናሙና ያዢ። ዋጋሽን በገጽ ተናገሪ፤ ግማሹን በቅድሚያ ተቀበይ። ከታማሚ አለመቀበልሽን አደንቃለሁ፣ በዚያው ጽኚ።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቂ። አንባቢ ሲበዛ ክሊኒኩም፣ መድኃኒት አስመጪውም፣ ወደ ውጭ አገር ታማሚ የሚልኩ ደላሎችም ይመጣሉ። «ሰው ላኪልን፣ ኮሚሽን እንሰጥሻለን» ይላሉ። አንድ ጊዜ ከተቀበልሽ ያቺ የመድኃኒት መስመርሽ ላይ ማንም እምነት አይጥልም። ፀሐይ ግባትም ከሰበታ አትነሳም።

ጥላ_ሥር

መጥተዋል። እስከ አሁን ሁለት ክሊኒክ ጠይቆኛል፤ እምቢ ብያለሁ። ቻናሉ ላይ ከማንም ገንዘብ እንደማልቀበል ከላይ አሰፍራለሁ፤ የተረጎምኩለትን ድርጅት ስም ደግሞ ለአንባቢዎቼ እናገራለሁ።

አሁን ልወስን። በራሴ ስም እጽፋለሁ። ጉንጬ ላይ ያለውን ሽፍታ ሰው እንደሁ ያየዋል፤ ስሙን ከእኔ ቢሰማ ይሻላል፤ ሳይተላለፍ «ይተላለፋል?» የምትለዋን አከራይም ሆነ ሌላውን ፊት ለፊት የምመልሰው በስሜ ስጽፍ ነው። የሌሎቹ ግን እንደ ተባለው። ጠበቃው የነገርከንን የመልቀቂያ ነገር ነገ አወጣዋለሁ፤ ከማውጣቴ በፊት ብታይልኝ ደስ ይለኛል።

ጠበቃ_ሰሚት

ላኪልኝ፣ ያለ ክፍያ አያለሁ። ሌላም፦ ነገሩ ከአንድ ሰው ትከሻ እንዲወርድ ከፈለግሽ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበር በአምስት መሥራቾች እንዲቋቋም ይፈቅዳል። የቀድሞው የ2001 አዋጅ ከ10 በመቶ በላይ ገንዘቡን ከውጭ ያገኘ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር፤ ያ ተነስቷል። አሁን ባይሆንም አስቢበት። አንቺ ስትታመሚ መስመሯን ማን ያወጣል የሚለው ጥያቄ ይመጣልና።

ፀሐይ_ግባት

ባለፈው ክረምት ተኝታ ሳለ እኔ ነኝ ያወጣኋት። ከአምስቱ አንዷ ልሁን።

ወለተ_ማርያም

የታማሚ ልጅ ከተቀበላችሁ እኔም አለሁ።

ቱሉዲምቱ_ነኝ

ጥላ ሥር፣ ስምሽን ማውጣትሽን አሁንም አልደገፍኩትም፤ እንደ እህት ስለምሰጋልሽ ነው። የፈቃዱን አሠራር ግን ወድጄዋለሁ።

እህቴ ማክሰኞ ቀጠሮ አላት፤ አዲስ ሐኪም ነው የሚያያት። ያቺን አንድ ገጽ ብትጽፊላት። ቴሌግራም ላይ የሚወጣ ነገር ሳይኖር፣ ለሐኪሙ ብቻ። ቅዳሜ ከሰዓት ይዣት ልምጣ?

ጥላ_ሥር

ኑ፣ እህቴ። ከ10 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ለሁለታችንም ፀሐዩ ይበርዳል። የየካ አባዶ ታክሲ መጨረሻ ላይ ስትወርዱ ደውይልኝ፤ ልጅ እልካለሁ። ወረቀቱን ሁሉ ይዛችሁ ኑ፤ የደበዘዘውም ቢሆን አይጣል።

ሲስተር_ገላን

የመድኃኒቶቹን ካርቶንና የተረፈውን ኪኒን ጭምር ያዙ። ወረቀቱ ላይ የታዘዘውና ቤት ውስጥ የሚወሰደው ብዙ ጊዜ ይለያያል።